ፈንታነሽን ማን ይፍታት?

ጌታ ይባረክ፣ ወገኖቼ! እኔ ንግግር አላውቅም፤ በቅሎ መጫን ነው የማውቀው። ግን ጌታ በቤቴ ያደረገውን ውጬ ብቀር ያንቀኛል። ታገሡኝና ልመስክር።

ታውቁኛላችሁ፤ በሰሜን ተራሮች እስከ ጨነቅ ካምፕ የቱሪስት ጓዝ የማደርስ ሰው ነኝ። ወደዚህ ጉባኤ የመጣሁት ባለቤቴን ፈንታነሽን ተከትዬ ነው። አባል ሆንኩ እንጂ አላመንኩም ነበር። እግዚአብሔርን የማየው እንደ ጓዝ አለቃ ነበር፤ ብዙ ለተሸከመ ይሰጣል፣ ሸክሙን የጣለ ግን ወዮለት!

ፈንታነሽ የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ በየቀኑ መርፌ ትወጋለች። ያደገችው ዳባት፣ ካህን አጎቷ መምሬ አዛናው ቤት ነው። ጾምና ስለት ከእናቷ ጡት ጋር የጠባችው ነገር ነው። እናላችሁ፣ ወንጌልን ተቀብላም ስለቱን ይዛው መጣች። “ጌታ ከዚህ በሽታ እስኪፈውሰኝ ፀሐይ ሳትጠልቅ እህል አልቀምስም” ብላ ተሳለች። መርፌውን ግን አላቆመችም። እኔ ሞኙ ደግሞ “ጎሽ፣ የኔ ጀግና!” አልኳት።

በዚያው ሰሞን ወንጌላዊ ደረጀ ረቡዕ ረቡዕ የሉተራን አባቶችን የጥንት የእምነት መግለጫ ያስጠናን ነበር። እኔ “የሞቱ ፈረንጆች ወረቀት ለደባርቅ ምን ይፈይዳል?” እያልኩ አሾፍ ነበር። አንድ ረቡዕ ምን ላይ ደረስን መሰላችሁ? ኑዛዜ ከቤተ ክርስቲያን አይጥፋ፤ አገልጋይ በክርስቶስ ስም ይቅርታን ሲናገር ከእግዚአብሔር እንደ ተሰማ ይቆጠር፣ ወደሚለው ትምህርት። ብድግ አልኩ። “የንስሐ አባት ትተን መጥተን፣ አሁን በጓሮ በር ልታስገቡብን ነው?” ብዬ ጮህኩ። ግማሹ ሰው አጨበጨበልኝ። ሽማግሌዎቻችንም “ለሰላም ሲባል ጥናቱ ይቁም” አሉ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ፈንታነሽ ደጃፋችን ላይ ወደቀች። ላብ አጠመቃት፤ አንደበቷ ተያዘ። ተሸክመን ሆስፒታል አደረስናት። ዶክተሩ ግሉኮስ ሰጥቶ ካነቃት በኋላ ወደ እኔ ዞሮ “መርፌ ተወግቶ መጾም ራስን መግደል ነው። አሁኑኑ ትብላ። እንደገና ከወደቀች ላትነሳ ትችላለች” አለኝ።

መምሬ አዛናው ሰምተው ከዳባት እየበረሩ መጡ፤ አጥሚት በፔርሙዝ ይዘዋል።

“ልጄ፣ ለታመመ ሰው ጾም የለበትም። ጠጪ” አሏት።

“አባባ፣ እኔ ከእርስዎ እጅ ወጥቻለሁ፤ እርስዎ አይፈቱኝም። የኛዎቹ ደግሞ መፍታት የሚባል ነገር የላቸውም። ለእግዚአብሔር ተስዬ ባፈርስ ምን ይውጠኛል?” ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ወገኖቼ፣ ለመንኳት። ተቆጣኋት። አለቀስኩ። እጇን ስይዘው እንደገና ላብ ጀምሯታል። መምሬ ክንዴን ጨብጠው “ቆመህ አትየኝ፤ የሚፈታትን ሰው አምጣ!” አሉኝ።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል! ያንኑ የጮህኩበትን ነገር ፍለጋ ሮጥኩ። ወንጌላዊ ደረጀን እዚሁ አዳራሽ አገኘሁት። ነገሩን ስነግረው ፊቱ ተለዋወጠ።

“ሽማግሌዎቹ አቁም ብለውኛል። ይህን ባደርግ ከአገልግሎት ያወርዱኛል” አለ።

“ወንድሜ፣ ያ ወረቀት ዛሬ ለሚስቴ ካልሆነ ለመቼ ነው የሚሆነው?” አልኩት።

ከዚያ ኮቱን አንስቶ ቀደመኝ።

አልጋዋ አጠገብ ተንበርክኮ እጁን ራሷ ላይ ጫነ። “ፈንታነሽ፣ ክርስቶስ ስለ አንቺ ሞቷል። ሸክምሽን እሱ ተሸክሞታል፤ በስለት የምትከፍዪው የቀረ ነገር የለም። በእርሱ ትእዛዝ ኃጢአትሽ ሁሉ ይቅር ተብሎልሻል። ይህ ስለትም ከእንግዲህ አያስርሽም” አላት።

“እርግጠኛ ነህ?” አለችው።

“እጁ የእኔ ነው። ቃሉ ግን የእኔ አይደለም።”

ዞር አለች። ኩባያውን ከመምሬ እጅ ተቀበለች። ጠጣች! ሃሌ ሉያ! ጌታ ይክበር! መምሬ እንባቸውን በጋቢያቸው እየጠረጉ “መፍታቱማ እኛ ዘንድ መች ጠፋና!” ብለው ቀለዱብን። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። “የምትከፍዪው የቀረ ነገር የለም” የሚለው ለእሷ የተነገረ ቃል እኔን መሬት ላይ አስቀምጦ አስለቀሰኝ። ያመንኩት ያኔ ነው፣ ወገኖቼ፤ እዚያ ሲሚንቶ ላይ።

ስኳሩ አልለቀቃትም፤ አልዋሻችሁም። መርፌዋን ትወጋለች፤ ቁርሷን ግን በልታ፣ ጌታን አመስግና ነው። ፍርሃቱ ለቋታል፤ እኔ ፈውስ የምለው ይህን ነው። ሽማግሌዎቻችን ስለ ወንጌላዊ ደረጀ ገና እየተነጋገሩ ነው። አባቶቼ፣ በእግራችሁ ሥር ወድቄ እለምናለሁ፤ ጥናቱን በጩኸት ያስቆምኩት እኔ ነኝ፣ የሚወርድ ካለ እኔን አውርዱኝ። እናንተም በስለት፣ በመሐላ፣ በፍርሃት ታስራችሁ እዚህ የተቀመጣችሁ፣ ጌታን እመኑት፤ አበዳሪ አይደለም። ዛሬ ሳትፈቱ ወደ ቤታችሁ አትሂዱ።

ፈንታነሽ፣ እስቲ ተነሺ፤ ይዩሽ።