ስም የሌለው ካብ

ትናንት ከሰዓት በኋላ ቴክሳስ፣ ግራንድ ፕሬሪ ላይ ዶፍ ወርዶ ሲያባራ የጓሮውን በር ብከፍት የእርጥብ ድንጋይ ሽታ ተቀበለኝ። የአፈር አይደለም፤ የአፈሩንማ ሁሉም ያውቀዋል። ድንጋይ ፀሐይ ሲያቃጥለው ውሎ ድንገት ውሃ ሲያርፍበት የሚያወጣው፣ ብረት ብረት የሚል፣ አፍንጫ ሥር ትንሽ ቆይቶ የሚጠፋ ሽታ ነው። ጓሯችን ወደ አጥሩ ያዘነብላል፤ የዚህ አገር ጥቁር አፈር ደግሞ በበጋ ተሰነጣጥቆ እጅ ያስገባል፣ ሲዘንብ አብጦ ይንሸራተታል። ስለዚህ ባለቤቴ ዓለሙ በቅርቡ ሠራተኞች ጠርቶ ጉልበት የሚደርስ የድንጋይ ካብ አስካበ። ድንጋዩ ከሱቅ የተገዛ፣ እንደ ሳሙና በአንድ ልክ የተቆረጠ ነው። ሽታው ግን ያው የድሮው ነው፤ በሩ ላይ እንደቆምኩ አፋፍ ደረስኩ።

አፋፍ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ያለች የተወለድኩባት መንደር ናት። ከደጋው ጫፍ ወደ ቆላው በሚወርደው ቁልቁለት ላይ የተንጠለጠለች፣ ከበላይዋ ገደል ከበታችዋ ወንዝ ያላት፣ ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላና የገደሉ መንገድ ሲያዳልጥ የሚመጣም የሚሄድም የሌላት፣ እርስ በርሳችን ተፋጥጠን መስከረምን የምንጠብቅባት ቦታ ነበረች። የሚጻፍበትም የሚጽፍም አልነበረም። የተወለድኩበትን ቀን እናቴ የምታውቀው «ማሽላው ሲያሽት» ብላ ነው፤ አሜሪካ ስገባ ግን እንደ ግማሹ ዘመዶቼ ጃንዋሪ አንድ ተወለድኩ ተባልኩ።

የኛ መዝገብ ካቡ ነበር። ቁልቁለት የሚያርስ ሰው አፈሩ ተጠርጎ ወንዝ እንዳይገባበት ድንጋይ መካብ አለበት። በአፋፍ ደግሞ ወንድ ልጅ ጎጆ ሲወጣ ከአባቱ ካብ በላይ የራሱን ይክባል፤ ካቡም ከዚያ በኋላ በስሙ ይጠራል። እሱ ሲሞት ልጆቹ፣ ልጆቹ ሲሞቱ የልጅ ልጆቹ፣ ክረምት የናደውን እየጠገኑ ያቆዩለታል። ከላይ ከቤታችን ደጅ የአባቴ የወርቁ ካብ አለ፤ ከሥሩ የአያቴ የደስታ፣ ከዚያ የማሞ፣ የወልዴ፣ የሀብቴ፣ የእንግዳ፣ እያለ ምንጩ ዘንድ ይደርሳል። ስለዚህ ውሃ ልትቀዳ የወረደች ልጅ ሳታውቀው ትውልዷን ረግጣ ወርዳ፣ እንስራ አዝላ መልሳ ትወጣዋለች።

«ሳታውቀው» አልኩ እንጂ አያ ገብሬ ባለበት ሳያውቁት ማለፍ የለም። የአባቴ አጎት ነው፤ ረጅም፣ ነገር ወዳድ፣ ከሰው ሁሉ ጋር ተጣልቶ ከሰው ሁሉ ጋር የታረቀ ሰው። መንገዱ ዳር ዋንዛ ሥር ተቀምጦ ካብ በወረድን ቁጥር ስሙን ያስጠራናል። «ይህ ያባቴ የወርቁ፣ ይህ ያያቴ የደስታ» እያልን እንወርዳለን። አንዱን የዘለለች ልጅ ወደ ቤት ተመልሳ ከላይ ትጀምራለች፤ ውሃው ዘገየ ብላ የምትቆጣውን እናቷን እሷው ታብርድ። ጓደኞቼ ያለቅሱ ነበር። እኔ ግን ወደድኩት፤ አንድም ሳልዘል ስወርድ ጭንቅላቱን የሚነቀንቃትን ነገር ለማየት ስል ያልተላክሁትን ውሃ እቀዳ ነበር።

የዚህ ሁሉ ምክንያት ጋብቻ ነው። በወንዝና በገደል መካከል የታጠረ ሕዝብ ዞሮ ዞሮ ከራሱ ጋር ነው የሚጋባው፤ ስለዚህ ሽማግሌ ሲላክ መጀመሪያ የሚደረገው መቁጠር ነው። በሙሽራውም በሙሽሪትም በኩል ይቆጠራል፤ በአንዱ ወገን እንኳ እስከ ሰባት ቤት ባለው አንድ አባት ላይ ከተገናኙ ነገሩ ያበቃል። ከሰባት ካለፈ ባዳ ናቸው፤ ይደገሳል። አያ ገብሬ ሲቆጥር ድንኳን የተጣለለት ሠርግ ሲቀር አይቻለሁ፤ የሙሽሪት እናት ብታለቅስም፣ አባቷ በሬ አርጃለሁ ቢልም ሰውየው ከቃሉ ፍንክች አላለም።

የማያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከእንግዳ ካብ በታች፣ ምንጩ አፍ ላይ፣ ቁልቋል የወረሰው አንድ ፈራሽ ካብ አለ። የማን እንደሆነ ስለማይታወቅ የሚጠግነው የለም። የማን ነው ብዬ ስጠይቀው «የሰው ነው» አለኝ። የሰው መሆኑማ አልጠፋኝም ብል ዱላውን አነሳ፤ ኋላ ሲገባኝ አለማወቁ ከኔ ይልቅ እሱን ነበር የሚያናድደው። ሌላ ቀን ደግሞ የኔ ካብ የትኛው ነው የሚሆነው አልኩት። ሳቀ። «ያንቺማ ባልሽ ዘንድ ነው፤ ሴት ካብ አትክብም» አለኝ። ከፍቶኝ እንስራዬን ይዤ ወረድኩ፤ ስም የሌለው ሰባተኛው ላይ ስደርስም እንደ ልማዴ ዝም ብዬ አለፍኩ።

ከዚያ ትምህርት ወደ ከተማ ወሰደኝ፣ ከከተማ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ዲቪ ደርሶኝ ዳላስ። ኤርፖርት ሻንጣ እየፈተሽኩ ልጄን ሩትን አሳደግሁ። ዓለሙ ያዲሳባ ልጅ ስለሆነ ቆጠራው አያቱ ላይ ያልቃል፤ እኔ የሰባት ቤት ወሬ ስጀምር «ደግሞ ቁልቁለቱን ልንወርድ ነው» እያለ ያሾፍብኛል። ሩት ዘሯን ልታውቅ ብላ ምራቋን በቱቦ ለምርመራ ልካ፣ ከብዙ ሳምንት በኋላ ኢትዮጵያ የተቀለመባት ካርታ መጣላት። ይህንንማ እኔን ብትጠይቂኝ በነጻ እነግርሽ ነበር አልኳት።

ሌክ ሃይላንድስ ሰፈር ካለችው ቤተ ክርስቲያን ናሆም የሚባል ልጅ ወደደች። ጨዋ ነው፤ ወደድኩት። ሽማግሌዎቹ ከአባቱ ከአቶ ታፈሰ ጋር ከማኪኒ ከተማ መጡ፤ ነጭ ለብሰው ሳሎናችን ሲሞላ ደስ አለኝ። እንደ ደንቡ አገር ተጠያየቅን። አቶ ታፈሰ ብርጭቆውን እያሻሸ «እኔ እንኳን የማትታወቅ ቦታ ነኝ፤ ቀይ አፈር ትባላለች» አለ። ቀይ አፈር ከአፋፍ ምንጭ ወንዙን ተሻግሮ ያለችው ናት፤ ሲጨልም እሳታቸው ይታየን ነበር። ዘር ከልጓም ይስባል ይባላል፤ ልጆቹ ከዚህ ሁሉ የቴክሳስ ሕዝብ መካከል ተፈላልገው የተገናኙት የወንዝ ማዶና የወንዝ ማዶ ሆነው ነው።

ዓለሙ ሊያቀለው ሞከረ። «ኧረ ቴክሳስ ውስጥ ማን ይቆጥራል?»

«እኔ እቆጥራለሁ» አለ አቶ ታፈሰ። «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሳይቆጠር ልጄን አልድርም፤ እርስዎም የኔ አገር ሰው ከሆኑ አይድሩም።»

እውነቱን ነው፤ እኔም አልድርም ነበር። እሱ ከራሱ ጀምሮ ቆጠረ። ሰባተኛው ላይ ንጉሤ አለ። ንጉሤ ከወንድሙ ከእንግዳ ጋር በምንጭ ውሃ ተጣልቶ ወንዙን የተሻገረ ሰው ነው፤ የሁለቱ አባት ቢተው ይባላል፣ ስምንተኛ። ቢተው። ያ ቁልቋል የወረሰው ካብ ስም አገኘ፤ አያ ገብሬ ሳያውቀው የሞተውን ስም ማኪኒ የሚኖር ሰው ሶፋዬ ላይ ተቀምጦ ነገረኝ። ደስታው ግን ትንፋሽ ያህል አልቆየም። የኔን ጀመርኩ፤ ወርቁ፣ ደስታ፣ ማሞ፣ ወልዴ፣ ሀብቴ፣ እንግዳ፣ ቢተው። ሰባት። ደግሜ ወረድኩ፣ ያው ሰባት።

አቶ ታፈሰ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «እንግዲህ በአንድ ወገን ሰባት ከሆነ ቀረ» ብሎ ነጠላውን ሰበሰበ። እኔ የማስበው ከበሩ ጀርባ ቆማ የምትሰማውን ልጄን ነበር፤ ምነው ይህን ቆጠራ ባልተማርኩት አልኩ።

በሩ ተከፈተና ሩት ብቅ አለች። በደንቡ መውጣት አልነበረባትም።

«ማሚ፣ ጋሼ ታፈሰ ከራሳቸው ነው ስታርት ያደረጉት» አለች። «ሶ አንቺ ለምን ከአያቴ ታደርጊያለሽ? ራስሽን ስኪፕ አደረግሽ እኮ።»

ልክ ናት። ለኔ አንደኛው አባቴ ነው፤ ለሷ ግን አንደኛዋ እኔ ነኝ። ካቡን እየረገጥኩ የተማርኩት ቆጠራ ከአባቴ ደጅ ይጀምራል፤ ከሱ በላይ ካብ ስለሌለ እኔን ሳይቆጥር ኖረ። አቶ ታፈሰ ጣቶቹን ዘረጋና «እስቲ ከራስዎ ይጀምሩልኝ» አለ። «የሻረግ» ብዬ ጀመርኩ። በዚያ ሐረግ ላይ ስሜን ስጠራ የመጀመሪያዬ ነበር። ወርቁ ሁለት፣ ደስታ ሦስት እያልኩ ወርጄ ቢተው ስምንት ሆነ። ሽማግሌው እጁን አጨበጨበ፣ ዓለሙ ደግሞ ሩትን አቅፎ አለቀሰ፤ መቁጠር የማይወደው ሰውዬ።

ሠርጉ ሲያልፍ አገር ቤት ያለው የአጎቴ ልጅ ጋ ደውዬ የምሥራች አልኩት፤ የምንጩ ካብ የቢተው ነው። «የቱ ካብ?» አለኝ። መንገድ ሲወጣ ሰዉ ወደ ላይ ተዛውሯል፤ ድንጋዩም ሁሉ ተነቅሎ ለመንገዱ ተጭኗል፤ የአባቴም ጭምር። ልጆቹ ውሃ የሚቀዱት ከቧንቧ ነው፤ እሰየው ነው፣ እንስራ ያላዘለ ብቻ ነው የሚናፍቀው። ግን ቁልቁለቱ ባዶ ነው፤ ያንን ሁሉ ስም አሁን የያዘው የኔ አፍ ነው፣ ሩትም ከአራተኛው በኋላ ይምታታባታል።

ትናንት ሽታው እስኪጠፋ በሩ ላይ ቆየሁ። አያ ገብሬ ቢኖርና ጓሮዬ ድረስ ቢመጣ ዱላውን ተደግፎ፣ የማን ካብ ነው ይለኝ ነበር። የሻረግ እንዳልለው እኔ አልካብኩትም። የካቡት ሁለት ሰዎች በዚያ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ተሸክመው ሲውሉ ውሃ ሰጥቻቸዋለሁ፤ ስማቸውን ግን አልጠየቅኋቸውም።