ፈቅዳ እንደሆነ በምን ይታወቃል?

ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ የነበርነው አምስት ሴቶች ነን። አንዷ እኔ ነኝ። አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፍልስፍና ታስተምር የነበረች፣ በጻፈችው ጽሑፍ ታስራ የወጣች መምህርት አለች። መርካቶ የጨርቅ ሱቅ የነበራቸው፣ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ሙስሊም እናት አሉ፤ እሳቸውን ያሰሯቸው ልጃቸው ሲፈለግ ስለታጣ ነው። ከሆንዱራስ የመጣች፣ ከእኛ ጋር በምልክት ብቻ የምትግባባ ሴት አለች። አምስተኛዋ ልጅቷ ናት። ሃያ አራት ዓመቷ ነበር። ይህን የምጽፈው ስለ እሷ ነው። የማንንም ስም አልጽፍም።

ቦታው ዴንቨር አጠገብ ያለው ኦሮራ ነው። እስር ቤት አይባልም፤ ወረቀቱ ማቆያ ነው የሚለው። እኔ ባሌ የተቃዋሚ ፓርቲ አባል ስለነበረ አገር ቤት ሁለት ጊዜ ታስሬአለሁ፤ ከውጭ የሚቆለፍ በር ሳይ ስሙን ሰው እንዲነግረኝ አያስፈልገኝም። ድንበር ላይ ጥገኝነት እፈልጋለሁ ብዬ እጄን ሰጠሁ። እጅና እግሬን በሰንሰለት አስረው አመጡኝ። ክፍሉ ውስጥ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት መብራቱን ነው። መስኮት የለም፤ ጣሪያው ላይ ነጭ መብራት ሌት ተቀን ይበራል። አልጋዎቹ ወለሉ ላይ የተበየዱ ብረት ናቸው። ሁሉ ነገር በረኪና በረኪና ይሸታል። ልጄ ቀድማኝ ከአክስቷ ጋር መጥታ ከዚያ በመኪና አሥር ደቂቃ በማይሞላ አፓርታማ ትኖር ነበር። አሥር ደቂቃ መሆኑን ባላውቅ ይሻለኝ ነበር።

ነገሩ የሆነው ከምሳ በኋላ ነው። ቴሌቪዥኑ ጥግ ላይ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። አንድ ሰውዬና አንዲት ሴት ጠረጴዛ ይዘው ይጨቃጨቃሉ። መምህርቷ ትኩር ብላ ታዳምጣለች፣ አልፎ አልፎ ራሷን ትነቀንቃለች።

«ምንድን ነው የሚሉት?» አሉ የመርካቶዋ እናት።

«ስለ ወሲብ ፊልም ነው እማማ። ኢንተርኔት ላይ ይከልከል፣ አይከልከል እያሉ ነው።»

«አስተግፊሩላህ! በጠራራ ፀሐይ?»

«በድብቅ ከሚያወሩት አይሻልም?»

«ሥራ ያጡ!» አሉ። ግን ተነስተው አልሄዱም፤ ጭራሽ ወደ መምህርቷ ጠጋ ብለው ተቀመጡ።

እኔ ቃሉን እንኳ በአፌ ብዬው አላውቅም። «ያ ነገር» ነበር የምለው። ልጅቷ አልጋዋ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች፤ እንቅልፍ የወሰዳት መስሎኝ ነበር።

«ኧረ ተዉ፣ ልጅ አለች» አልኩ።

«ሃያ አራት ዓመት ልጅ ነው?» አለች መምህርቷ። ከዚያ ተማሪዎቿ ፊት ያለች ይመስል ብድግ አለች። «እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። አካለ መጠን የደረሰች ሴት ፈቅዳ ተቀረጸች። አካለ መጠን የደረሰ ሰው ቤቱን ዘግቶ አየ። ማን ተጎዳ?»

«ሚስቱ» አሉ እማማ ወዲያው።

«ሚስት የለውም እንበል።»

«እሱን እያየ ከየት ያገኛል?»

ሳቅን። የሆንዱራሷም ስንስቅ አይታ ሳቀች። መምህርቷ ግን አለቀቀችንም።

«የሴትየዋ እናትስ?» አልኩ። «ዘመዶቿስ? አይጎዱም?»

«ያፍራሉ። ማፈርና መጎዳት ግን አንድ ነው እህቴ? እኔ በጻፍኩት እናቴ አፍራለች። ያሰሩኝም የሕዝብ ሥነ ምግባር ታበላሻለሽ ብለው ነው። ይህን ፊልም ዛሬ የሚከለክል መንግሥት ነገ የኔን ጽሑፍ በዚያው ሕግ ይከለክለዋል። አልወደውም። ግን ሰው ምን እንደሚያይ መንግሥት ይወስንለት አልልም።»

እኔ የደረስኩት ስድስተኛ ክፍል ነው። እንደዚህ ዓይነት ጊዜ ነው አለመማሬ የሚያንገበግበኝ። ነገሩ የሆነ ቦታ ላይ ልክ እንዳልሆነ ይታወቀኛል፤ የቱ ጋ እንደሆነ ግን ጣቴን ማሳረፍ አልችልም። ስለዚህ ተናደድኩ።

እማማ ግን መለሱላት። «አንቺ መምህርት፣ እኔም አልተማርኩም፣ ሠላሳ ዓመት ጨርቅ ሸጫለሁ። አንዱ ጣቃ ተሸክሞ በርካሽ ልሽጥልሽ ቢለኝ፣ ከየት አመጣኸው እለዋለሁ። ሳልጠይቅ ገዝቼ የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ ፖሊስ እኔንም ከሌባው ጋር ነው የሚወስደኝ። አሁን አንቺ ፈቅዳ አልሽ። ፈቅዳ እንደሆነ በምን ይታወቃል?»

«ውል ይፈርማሉ።»

«የሚያየው ሰውዬ ውሉን ያየዋል?»

«አያየውም።»

«ታዲያስ!»

«የተሰረቀ ጨርቅ ተገኘ ተብሎ ግን መርካቶ ይዘጋል እማማ?»

«ወላሂ አይዘጋም። ግን ከየት መጣ ብሎ ያልጠየቀ ሰው፣ ማን ተጎዳ ብሎ አፉን አይከፍትም።»

መምህርቷ ፈገግ አለች። ሰው ሲረታት የምትደሰት ዓይነት ናት። ትንሽ አሰበችና፣ «ፊት ይናገራል» አለች። «ተገድዳ ከሆነ ፊቷ ላይ ይታያል። ሰው ካየ ያውቃል።»

«አይታይም» የሚል ድምፅ ከአልጋው መጣ።

ልጅቷ አልተኛችም ነበር። ፊቷን ሳታዞር ነው የተናገረችው።

«የኔ ፊልም ላይ እስቃለሁ። ሳቂ አሉኝ፣ ሳቅኩ። አልሆነም ብለው ሦስት ጊዜ አሳቁኝ።»

ቴሌቪዥኑ አሁንም ያወራል።

ክፍሉ ውስጥ ያለው ሽንት ቤት መጋረጃ የለውም፤ ከወገብ በታች ብቻ የሚከልል ግድግዳ ነው ያለው። ስለዚህ እዚያ የነበርን ሴቶች ልማድ አውጥተን ነበር። አንዷ ስትገባ ሌሎቻችን ጀርባችንን እንሰጣለን። ማንም አላዘዘንም። ያን ቀን ልጅቷ ተነስታ አልጋዋ ላይ ስትቀመጥ እማማ ቀስ ብለው ጀርባቸውን ሰጧት። መምህርቷ ዞረች፣ እኔም ዞርኩ። የሆንዱራሷ ሴት ምን እንደተባለ ሳይገባት እሷም ዞረች። ልጅቷ የቀረውን ለጀርባችን ነገረችን።

ነገሩ አጭር ነው። ወንድሟ እዚህ ዴንቨር ሆኖ መንግሥትን የሚነቅፍ ነገር ይጽፍ ነበር። እሷን ከዩኒቨርሲቲ ወስደው አሥራ አንድ ቀን አቆዩአት። ቀረጹአት። ለወንድሟ፣ ዝም ካላልክ እንለቀዋለን ብለው ላኩበት። ወንድሟ ዝም አለ። እነሱ ግን ለቀቁት። እሷ ያወቀችው የማታውቀው ሰው መንገድ ላይ አይቷት ስልኩን አውጥቶ ከፊልሙ ጋር ሲያመሳስላት ነው።

«ለዳኛው ነግረሻል?» አለች መምህርቷ። ድምፅዋ ተቀይሯል።

«የጥገኝነት ወረቀቱ ላይ አልጻፍኩትም።»

«ቀጠሮሽ ከነገ ወዲያ ነው። ተናገሪ። ከአገር የሸሸሽበት ዋናው ነገር እኮ እሱ ነው።»

አሁን የኔን ጥፋት እጽፋለሁ። እኔ ቀጠሮ የነበረኝ ቀን አስተርጓሚዋ በስልክ ነበረች፣ ሐበሻ ናት። ዳኛው እስኪገባ፣ ሰፈርሽ የት ነው፣ ኦሮራ ዘመድ አለሽ ወይ፣ የትኛው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ እያለች ጠየቀችኝ። ክፋት የላትም፤ ማንኛችንም ሰው ስናገኝ የምንጠይቀውን ነው የጠየቀችው። እኔ ግን ያን ቀን ስለ ራሴ ግማሹን ዋጥኩት። የፈራሁትን ፍርሃት ለልጅቷ አስተላለፍኩት።

«እንዳትናገሪ ልጄ» አልኳት። «የሚያስተረጉመው የኛው ሰው ነው። ዛሬ ብትናገሪ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ይወራል። ስትወጪ የምትኖሪው እዚሁ ነው። ማን ያገባሻል?»

ማን ያገባሻል ማለቴ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

«ምን ነካሽ እህቴ! ሕይወቷ እኮ ነው!» አለችኝ መምህርቷ። ልመልስላት ስል ጠባቂዋ በሩን ደበደበች፤ የቆጠራ ሰዓት ሆነ። ለቆጠራ ሁላችንም አልጋችን ላይ ሆነን ዝም ማለት አለብን። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ በይፋ አልተነሳም። አስተርጓሚ ይቀየርልኝ ብሎ መጠየቅ እንደሚቻል ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም፤ መምህርቷም እንኳ አታውቅም። ጠበቃ የሚባል ነገር አላየንም።

ልጅቷ መምህርቷን ታከብራታለች። የሰማችው ግን እኔን ነው። ጸጉሯን የምሠራላት እኔ ነበርኩ።

የቀጠሮዋ ቀን በጠዋት ወሰዷትና ከምሳ በፊት መለሷት። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ዳኛው አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ምን አደረጉሽ አለኝ።»

«ምን አልሽው?»

«ጠየቁኝ፣ ከዚያ ለቀቁኝ አልኩት። ለዚህ ብቻ አገር ለቀሽ ወጣሽ? አለኝ። ዝም አልኩ። አልተቀበለኝም።»

«አስተርጓሚውስ?»

«ወንድ ነው። የሚኖረው ሌላ ስቴት ነው። ስሜን እንኳ በደንብ አልጠራውም።»

ኦሮራን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሰው ነው። እኔ የፈራሁት ሰው የለም ነበር።

አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እማማ ትከሻዬን ይዘው፣ «ክፉ አስበሽ አይደለም» አሉኝ። እኔ ግን ለሰው ክፉ ሳያስቡ ሕይወቱን ማበላሸት እንደሚቻል ያን ቀን ነው ያየሁት፤ አይቼም ምንም ማድረግ አልቻልኩም።

ይግባኝ ለማለት ሠላሳ ቀን አላት አሉ። መምህርቷ እንግሊዝኛውን እኔ እሠራዋለሁ አለች። አማርኛውን ግን የሚጽፍ ያስፈልጋል፤ ልጅቷ አንድ መስመር ጽፋ መልሳ ትሰርዘው ነበር። እኔ ጻፍኩ። በስድስተኛ ክፍል ፊደሌ አራት ገጽ ጻፍኩ። በአፌ የማልለውን ቃል በእጄ ጻፍኩት። እሷ ስታቆም አቆማለሁ፣ ስትቀጥል እቀጥላለሁ። አንድም ቃል አላስቀየርኳትም።

መጨረሻ ላይ መምህርቷ፣ «መጀመሪያውኑ ለምን አልተናገረችም ብለው ይጠይቃሉ» አለች።

መልሱ እኔ ነኝ። ስለዚህ እንዳትናገር የመከርኳት እኔ ነኝ ብዬ ጻፍኩና ሙሉ ስሜን ከሥሩ አኖርኩ። የኔም ጉዳይ ገና ስላላለቀ ይጎዳኝ ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር።

ልጅቷ ልትፈርም ስትል መምህርቷ አስቆመቻት። «ስምሽ እንዳይወጣ በስምሽ የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ይጻፍልኝ ማለት ይቻላል። ልጠይቅልሽ?»

«አዎ፣ እሱ ይሻላል» አልኩ እኔ። አሁንም መፍራቴን አልተውኩም።

ልጅቷ እርሳሱን ከእጄ ወሰደች።

«ፊልሙ ላይ ስም የለኝም» አለች። «እዚህ ላይ ይኑረኝ።»

ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ የራሷን፣ የአባቷንና የአያቷን ስም ጻፈች። ቀስ ብላ ነው የጻፈችው። አንድም ፊደል አልሰረዘችም።

ወረቀቱ ከተላከ በሁለተኛው ሳምንት አዛወሯት። እኔ ልብስ ማጠቢያ ሄጄ ስመለስ አልጋዋ ተነጥፏል። ቴክሳስ አሉ፣ ሉዊዚያናም ያሉ ነበሩ። ጠባቂዋን ብጠይቃት ትከሻዋን ነቀነቀች።

እኔ ከሦስት ወር በኋላ ወጣሁ። አሁን አረጋውያን የሚኖሩበት ቤት አልጋ አነጥፋለሁ፣ ክፍል አጸዳለሁ። ልጄ ኮሌጅ ገብታለች። በቀደም ኩሽና ተቀምጣ ስትጽፍ ምንድን ነው አልኳት። አፍራ ኮምፒውተሯን ከደነችው።

«ናቲንግ እማ። ለክላስ ነው።»

«የምን ክላስ?»

«ፊሎሶፊ። ስለ ፖርን ነው፣ ኦኬ? ሊጋል ይሁን፣ አይሁን ዲቤት እናደርጋለን።»

የጠበቀችው ጩኸት ነበር። አልጮህኩም። ፈቅዳ እንደሆነ በምን ይታወቃል ብዬ ጠየቅኳት። አየችኝ። «ዛትስ አክቹዋሊ አ ጉድ ፖይንት» አለችና ከፍታ ጻፈችው። ለምን እንደተናደድኩ ላስረዳት አልቻልኩም። እሷ ጋ ጉድ ፖይንት ነው፤ ጥሩ ነጥብ። እኔ የማውቀው ደግሞ ሦስት ጊዜ እንድትስቅ የታዘዘች ልጅ ነው፤ እሱን በየትኛው መስመር እንደምታስገባው አላውቅም። ልጄ ጎበዝ ናት፣ ጥሩ ማርክ ታመጣለች። እኔ ተነስቼ ዕቃ አጠብኩ።

የልጅቷን ወንድም በሰው በሰው አስፈለግኩት፤ ዴንቨርን ለቋል አሉኝ። ፍርድ ቤት ስደውል ዘመድ ነሽ ወይ ይሉኛል፤ አይደለሁም።

ከዚህ ታሪክ ማን እንደሆነች የገባችሁ፣ ከእሷ ጋር የታሰራችሁ ወይም ከወጣች በኋላ ያያችኋት ካላችሁ የት እንዳለች ንገሩኝ። ይግባኙ ምን እንደተባለ ንገሩኝ። ወደ አገር መልሰዋት ከሆነም ንገሩኝ።