ልብስ ሰፊዋ ከእግዚአብሔር ጋር የተጣላች ዕለት

ልብስ ሰፊዋ እናቷን ማስታመም ከጀመረች ሦስት ዓመት አልፏታል። እናትየው አካላቸው ደህና ነው፤ የጠፋባቸው ትዝታቸው ነው። የወለዷትን ልጅ «አንቺ ሴትዮ» ይሏታል። ቤታቸው ውስጥ ተቀምጠው ቤታቸው የት እንደሆነ በየአምስት ደቂቃው ይጠይቋታል።

ድሮ ጠዋት ጠዋት በሯን ዘግታ ሳትጸልይ የስፌት መኪናዋን አትነካም ነበር። ያኔ እግዚአብሔር አጠገቧ እንዳለ ይታወቃታል፤ ዞር ብላ ማየትም አያስፈልጋትም። አሁን ግን ጸሎቱን ሳታጋምስ እናቷ ይጣራሉ፤ ደርሳ ስትመለስ የቱ ጋ እንዳቆመች ይጠፋታል። የጨርቁ ልክ፣ ያለቀው ክር፣ ያልታጠበው አንሶላ ይግተለተልባታል። እሷም ውስጥ ውስጡን ትበግን ጀመር።

ያን ቀን የአንድ ትምህርት ቤት ሠላሳ ሸሚዝ ማስረከቢያዋ ነበር። የቀረው ቁልፍ መትከል ብቻ ነው። የእናቷን ቁርስ ሠርታ ስትመለስ፣ እናትየው መቀሱን ይዘው የአሥራ ሁለቱን ሸሚዝ ኮሌታ ተርትረው ጨርሰዋል። ሙያውን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ እጃቸው ምንም አልረሳም።

«ጠማማ ነው» አሏት ቀና ብለው። «ማነው እንዲህ ያበላሸው? ሁለተኛ እሱ ጋ እንዳታሰፊ።»

ሳህኑን አስቀምጣ መቀሱን ከእጃቸው ወሰደች።

ስልኩ የጮኸው ይሄኔ ነው። ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ምክር የማያልቅበት፣ ለጥየቃ ግን ጊዜ የሚያጥረው። የሆነውን ነገረችው።

«አይዞሽ» አላት። «እግዚአብሔር ቅርብ ነው። አንቺ ሐሳብሽ ተበትኖ ነው እንጂ እሱ የትም አልሄደም። ጸጥ በይና አድምጪው።»

«ወንድም ጋሼ፣ ጸጥ የምልበትን ቤት አንተ ፈልግልኝ። እማዬ እኔን ብቻ አልወለደችም።»

«ሥራዬን ታውቂው የለ…»

ጆሮው ላይ ዘጋችበት።

ጓሮ ወጥታ አንሶላውን ሳፋ ውስጥ ነክራ ትፈትግ ጀመር። «አንተስ?» አለች። «አንተስ የት ነህ? አንዲት የጸጥታ ሰዓት ነው የለመንኩህ፤ እሷንም ከለከልከኝ። እማዬስ ምን አደረገችህ? ዕድሜዋን ሙሉ ስምህን ስትጠራ ኖራ፣ የገዛ ልጇን ስም ወሰድክባት። ደግሞ ዝም ትለኛለህ።» አረፋው ፊቷ ላይ እየተረጨ ድምጿ ጎረቤት እስኪሰማ ወጣ።

«ማንን ነው እንዲህ የምትቆጪው?» እናቷ በሩ ላይ ቆመዋል።

«እግዚአብሔርን።»

እናትየው ጓሮውን ዙሪያውን ቃኙት። «እዚህ ነው እንዴ?»

የለም ልትል አፏን ከፈተች፤ አልወጣላትም። ሰላም አልተሰማትም፤ ያ የድሮው ስሜትም አልመጣም። ነገር ግን ለባዶ ጓሮ ስትጮኽ እንዳልነበር ገባት። አጠገቧ ቆሞ ለሚሰማ ነው የጮኸችው፤ እሱም አንድም ቃል አላመለጠውም። ይሄ ደግሞ ይብስ አናደዳት።

«አዎ፣ እዚህ ነው» አለች በቁጣ።

«ታዲያ አስገቢው እንጂ፤ ውጭ አታቁሚው።»

ሳቅ አፈናት፤ ሳቁ ግን ንዴቷን አላወጣላትም። እጇን አደራርቃ ወንድሟ ጋ ደወለች። «ቅዳሜ መጥተህ ከእማዬ ጋር ትውላለህ። እየጠየቅኩህ አይደለም» አለችው።

ሸሚዞቹን አንድ ቀን አዘግይታ አስረከበች፤ ርዕሰ መምህሩም የሆዳቸውን ተናገሯት። ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠች። የሚጠራት የለም። ሐሳቧ ግን እዚያም የእናቷን መድኃኒት ሰዓት ይቆጥራል። ልሰብስበው ብላ አልታገለችም። «አሁንም አልታረቅንም» አለችው፤ ከዚያም የቀራትን ክስ አንድ በአንድ ዘረገፈችለት። እስክትጨርስ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።

ቤት ስትደርስ ወንድሟ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ሱሪው ላይ ሾርባ ፈሶበት አገኘችው።

«ማን እንደሆንኩ ስድስቴ ጠየቀችኝ» አላት ድምጹን ዝቅ አድርጎ።

«ስድስቴ ብቻ?» አለችው። «የሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ በጠዋት ና።»