በቤታችን የተሰጠው ድምፅ

አከራካሪ ነገር ሁሉ ለሕዝብ ድምፅ ይቅረብ የሚል ሰው በቴሌቪዥን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ለሕዝብ ሲቀርብ አይቻለሁ። የቀረበው አባቴ ነበር።

አባቴ ጴንጤ የሆነ ጊዜ፣ ቀራንዮ ያለው የሰፈራችን እድር ውስጥ ይቆይ ይውጣ የሚል ጭቅጭቅ ተነሳ። ሽማግሌዎች ነገሩን በእርቅ እንጨርሰው ብለው ነበር። እምቢ ያለው አባቴ ራሱ ነው። "ሰው ይወስን! ስንቱን አብሬ ቀብሬ፣ ለስንቱ ድንኳን ተክዬ!" አለ። የዋህ! እድር ውስጥ ድምፅ የሚሰጠው እጅ በማውጣት ነው፤ ሰው ደግሞ የራሱን ከማውጣቱ በፊት የሌላውን እጅ ያያል። "ይውጣ" ብሎ መጀመሪያ ያወጣው የእድሩ ዳኛ፣ አጥር የሚያዋስነን ጎረቤታችን ነበር። ሌላው ተከተለው። አባቴ ሲሞት ድንኳን የተከለልን የለም፤ የመጣው ለቀስተኛ ዝናብ ወረደበት። ያኔ የያዝኩት ቂም እስከ ዛሬ አለ።

ዘንድሮ የዳኛው ሚስት ሞተች። ሰፈሩ በሕንፃ ተጣቧል፤ ድንኳን የሚችል ባዶ ግቢ የቀረው የእኛ ብቻ ነው። ሁለት ሽማግሌዎች በር አንኳኩ።

"ልጄ፣ ለሦስት ቀን ግቢውን ፍቀድልን።"

"እሺ አባቶቼ፣ እኛም ድምፅ እንስጥበትና እንነግራችኋለን" አልኳቸው።

ፊታቸው ልውጥ ሲል ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ።

ሳሎን ውስጥ እናቴ፣ እህቴና እኔ ተቀመጥን። "አይተከልም የምትሉ" አልኩ። እኔና እህቴ እጃችንን አወጣን። እናቴ እጇን አላወጣችም። ወጥቼ "ቤተሰቡ አልፈቀደም" አልኩና በሩን ዘጋሁ። ድንኳኑን አስፋልቱ ዳር፣ ግማሹን ቦዩ ላይ ተከሉት፤ ሚኒባስ ባለፈ ቁጥር ጭቃ ይረጨዋል። በመስኮት ሳየው አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

እናቴ ለቅሶ ልትደርስ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች። ግቢው በር ላይ ስትደርስ ዞር አለች።

"እንዲያው ልጠይቅህ፤ እህትህ ከእኔ ጋር ሆና አንተ ብትሸነፍ ኖሮ ትከፍትላቸው ነበር?"

"ድምፅ ነዋ፣ እማዬ" ልላት አሰብኩ፤ ግን አልከፍትም ነበር።