ለአባቴ የሠራሁት የክረምት ጣና

አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ በታንኳ ሲቀዝፉ ኖረው እግራቸውን የሰበሩት ውኃ ላይ አይደለም፤ ዘጌ ወደቡ ላይ ከታንኳቸው ወደ መሬት አንድ እርምጃ ሲራመዱ ነው። ክረምት ነበር፣ ጭቃው አንሸራተታቸው። ሐኪሙ እግራቸውን በጄሶ ጠቅልሎ፣ "ዝናቡ እስኪያባራ ዳገትና ጭቃ እንዳይነኩ" አለ። እኔም ባሕር ዳር ቤቴ አመጣኋቸው።

ይቀመጣሉ እንዴ? ጠዋት ስነሣ ልብሳቸውን በፌስታል ቋጥረው፣ ክራንቻቸውን ተደግፈው በሩ ላይ አገኛቸዋለሁ።

"ወዴት ነው አባዬ?"

"ወደ ቤቴ ነዋ! ሰው በገዛ ቤቱ አይታመምም?"

የሚኖሩት ዘጌ ዳገቱ ላይ ብቻቸውን ነው። በዚያ ዳገት ዳግመኛ ቢወድቁ ማን ያነሣቸዋል? ይህን ሳብሰለስል ከርሜ አንድ ቀን፣ እሳቸው ወደ ወደቡ ካልሄዱ ወደቡን በትንሹ ሠርቼ ላምጣላቸው አልሁ።

ትንንሽ ቤትና ዛፍ መሥራት የተማርሁት ከስልኬ ነው። በቪዲዮ የሚያስተምረው ሰውዬ ቋንቋው አይገባኝም፤ እጁን እያየሁ እከተለዋለሁ። ከፍሪጅ ማሸጊያ የተረፈ ፎም ቆርጬ ኮምፔንሳቶ ጣውላ ላይ ዳገቱን አቆምሁና ጄሶ አለበስሁት።

አባቴ ከአልጋቸው ሆነው አዩኝ። "እግሬን በጄሶ ማሰራችሁ አልበቃ ብሎ አገሬንም?"

ጄሶው ሲደርቅ ኮላ ቀባሁትና በወንፊት የነፋሁትን ቀይ አፈር ነሰነስሁበት። ሣሩን አረንጓዴ ቀለም ካጠጣሁት ሰጋቱራ፣ የዳር ደንገሉን ከመጥረጊያ ጭራሮ ሠራሁ። ውኃው ላይ ስደርስ ነው ጉድ የፈላው። የሚያምር ሰማያዊ ቀባሁታ!

"ይኸ የማን ባሕር ነው?"

"ጣና ነዋ አባዬ።"

"የቴሌቪዥኑ ጣና ይሆናል። በክረምት የወደቡ ውኃ እንዲህ ሰማያዊ ሆኖ አይተሽ ታውቂያለሽ? ለመሆኑ ስታልፊ ስታገድሚ አታይውም?"

አፈርሁ። በየቀኑ ወደ ሥራ ስሄድ በዳሩ አልፋለሁ፤ ስቀባው ግን በዓይነ ልቡናዬ የመጣልኝ የግድግዳ ካሌንደር ነበር።

"እሺ፣ ደግሜ ልሥራው። እስክጨርስ ግን ይቀመጣሉ?"

"ውኃው ውኃ እስኪሆን እቀመጣለሁ። ከዚያ በኋላ በገመድ ብታስሪኝም አልቀር።"

በማግስቱ ወደ ባሕር ዳሩ ወደብ ወርጄ ዳር ቆሜ አየሁት። መሬቱ አጠገብ እንደ ጭቃ ቡናማ ነው፤ ገባ ሲል አመድማ ይሆንና ከዚያ በስሱ ወደ አረንጓዴ ያደላል። እንዳየሁት ቀባሁ። ከዚያ በችኮላ፣ ውኃው ጥልቅ እንዲመስል ብዬ ሲደርቅ ጥርት የሚለውን ነጭ ኮላ በአንዴ ገለበጥሁበት። በክረምት ያን ያህል ኮላ የት ይደርቃል? ሳምንት ሙሉ ነጭ እንደሆነ ቀረ።

"ጣና ነው አጓት?" አሉ አባቴ።

ልቅሶዬ መጣ። ይህን ጊዜ ድምፃቸው ለዘብ አለ። "ደንገሉ ሳይደርቅ ታንኳ ይታሰራል? ቀድመሽ ካሰርሽው ውስጡ ይበሰብሳል። አንድ ቀን ትንሽ አድርጊ፣ ይድረቅ። በማግስቱ ደግሞ ትንሽ።"

ኮላውን ፋቅሁና በእሳቸው መላ ሄድሁ። ከሥራ ስመለስ አንድ ስስ ቨርኒሽ እቀባለሁ፤ ጠዋት እሳቸው በጣታቸው ነክተው ይፈርዳሉ። "ደርቋል፣ ቀጥይ" ወይም "ገና ነው፣ ተይው"። ፌስታሉ በር ላይ መታየቱን አቆመ። ሳላስበው ከጭራሮዬ እየመዘዙ በክር እያሰሩ ጣት የምታህል ታንኳ ጀምረዋል።

ጄሶው ከእግራቸው ወጣ። ውኃውም አንድ ቀን ውኃ ሆነ። መስኮቱን ስከፍት ብርሃኑ ላዩ ላይ ተንሸራተተ፤ ከሥሩ ጭቃው ይታያል። ደስታዬ ወዲያው ድንጋጤ ሆነ። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፤ አባቴም ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አይደሉም። አልደረቀም ብዬ ልዋሽ ወሰንሁ።

እሳቸው ቀደሙኝ። እያነከሱ መጡና ጣታቸውን ውኃው ላይ አሳርፈው ብዙ ቆዩ። ታንኳዋን ከኪሳቸው አውጥተው ከደንገሉ ጥግ አስጠጓት።

"ገና ነው" አሉ።

እኔም ነካሁት። እንደ መስታወት ደርቋል። ቀና ብዬ ሳያቸው ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ፣ ወደ ዝናቡ መለሱ።

"አዎ አባዬ" አልሁ፤ "ክረምት አይደል፣ ቶሎ አይደርቅም።"