የእውነት እምቢ ማለት

ለማስተርስ ጥናቴ የመረጥኩት ጥያቄ ትንሽ ነበር፤ ሰዎች ያለ ድምፅ መስጫ ሳጥን ኃላፊዎቻቸውን እንዴት ይመርጣሉ? ፖለቲካል ሳይንስ ክፍል ውስጥ ስለ ምርጫ ብዙ አንብበናል። እኔ ግን ወልቂጤ ሳድግ ማንም ሰው ኃላፊነትን በመጀመሪያው ጥሪ ሲቀበል አላየሁም። ሁሉም «ኧረ እኔ አልችልም» ይላል፣ ከዚያ ይሾማል። የምሩን እምቢ ያለውን ለወግ ካለው በምን ይለዩታል?

ቡታጅራ የምትኖረው አክስቴ የሴቶች እድር አባል ናት። የእድሩ ጸሐፊ አግብታ ወደ እንሴኖ ስለሄደች ሌላ ሊመርጡ ነበርና አክስቴ ሴቶቹን አስፈቅዳ ወሰደችኝ። አማካሪዬ አስቀድመው አስጠንቅቀውኛል፤ ታዛቢ ነሽ፣ በጉዳያቸው ከገባሽ ምዕራፉን ጣይው ብለውኛል። ለእኔ ዓይነቷ ዓይን አፋር ይህ እረፍት እንጂ ትእዛዝ አልነበረም።

ግማሾቹ «አሰላሙ አለይኩም»፣ ግማሾቹ «እንደምን ዋላችሁ» እያሉ ገብተው አግዳሚዎቹን ሞሉ። እኔ ከኋላ፣ አንዲት ቅቤ ነጋዴ አጠገብ ተቀምጬ የማየውን እጽፍ ጀመር። ሰብሳቢዋ ጸሐፊ እንደሚያስፈልግ ሲናገሩ ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ።

«ይቺ ልጅ ከገባች ጀምሮ እጇ አላረፈም» አሉ። «ሌላ ምን እንፈልጋለን?»

ሳቁ። አክስቴን ወክላ መግባት ትችላለች፣ ለጥናቷም ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ናት ተባለ። ተነሳሁ። ተማሪ እንደሆንኩ፣ ለማየት ብቻ እንደመጣሁ፣ እንደማልችል ነገርኳቸው። ሴቶቹ ደስ ብሏቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ደግሜ ስናገር ባሰ፤ ከፊት የተቀመጡት አስተዳደጌን ማመስገን ጀመሩ፤ አክስቴም በኩራት ነጠላዋን አስተካከለች። እምቢታ እንዴት እንደሚለይ ላጠና መጥቼ የእኔን የሚለይልኝ ጠፋ። ምዕራፌ ዓይኔ እያየ ሊሄድ ነው።

ተቀመጥኩና ወደ ቅቤ ነጋዴዋ ጠጋ አልኩ። «እትዬ፣ የምሬን ነው። ምን ልበላቸው?»

ፊታቸውን ሳያዞሩ መለሱልኝ። «አልችልም ማለት ወግ ነው፣ የኔ ልጅ። ያልፈለገ ሰው በራሱ ፋንታ ሌላ ይጠራል።»

ይህን ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ልብ ግን አላልኩትም። ችግሩ፣ ከአክስቴ ሌላ ማንን አውቃለሁ? አክስቴ ደግሞ መጻፍ አትችልም። ያነጋገርኳቸው አንድ ሰው ብቻ ናቸው። እንደገና ተነስቼ በእኔ ፋንታ እሳቸው ይሁኑ አልኩ።

ራስ መነቅነቁ ቆመ። ሰብሳቢዋ ወደ ቅቤ ነጋዴዋ ዞረው መጻፍ ይችሉ እንደሆነ ጠየቁ። «የቅቤዋን ዱቤ ማን የሚጽፍላት መሰለሽ?» አለች አንዷ፤ ዱቤ ያለባቸው ሳይሆኑ አይቀሩም፣ ጥቂቶቹ ጮክ ብለው ሳቁ።

ቅቤ ነጋዴዋ በዝግታ ተነሱ። «ኧረ እኔ አልችልም» አሉ። ገበያው አያስቀምጠኝም፣ ዓይኔም ደክሟል አሉ። ማንን እንደሚጠሩ ለመስማት እስክሪብቶዬን ይዤ ጠበቅሁ። ማንንም ሳይጠሩ ተቀመጡ።

ተጨበጨበላቸው። ወዲያው እስክሪብቶዬን ተውሰው፣ በደከመ ዓይናቸው፣ የዕለቱን ቃለ ጉባኤ በሚያምር እጅ ጽሑፍ ጀመሩት። መጠየቅ ነበረብኝ፤ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ሥራውን ከመጀመሪያው ይፈልጉት እንደነበር ጠየቅኋቸው።

«ቀድመሽ ብትጠይቂኝማ» አሉ መጻፋቸውን ሳያቋርጡ፣ «አልችልም ነበር የምልሽ።»