የሐቦባ በግ ጆሮ

ባለፈው ሳምንት ሁለት በጎች እየነዳሁ ሸሕዲ ገበያ ወረድሁ። ግንቦት ነው፤ ፀሐዩ ገና በሦስት ሰዓት አናት ይበሳል፣ ለሰሊጥ ሥራ ከየደጋው የወረደው ሠራተኛ መንገዱን ሞልቶታል፣ አረፋም ሊገባ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ከጎኔ አንድ ጎልማሳ ሙክት ይዞ ቁሟል። እውነቱን ልናገርና የእሱ ሙክት ከሁለቱም በጎቼ ይሻል ነበር። ጀለቢያ የለበሱ ሽማግሌ መጡ፤ ወገቡን ጨበጥ፣ ጥርሱን ገለጥ አድርገው አዩና ወደዱት። ከዚያ በሁለት ጣታቸው ጆሮውን ከሥሩ ይዘው ወደ ጫፉ ሲወርዱ በቢላ የተቆረጠ ምልክት አገኙ። ለቀቁትና እጃቸውን አራገፉ።

«ምን አጡበት አባት?» አለ ጎልማሳው።

«ጆሮው ጎድሏል፣ ልጄ።»

«ጆሮውን ሊበሉት ነው እንዴ?»

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። ስስቅ ቆይቼ ደግሞ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ሰውየው አበደች ሳይል አልቀረም። ምን ያድርግ፣ ገና ከደጋ መምጣቱ ነው፣ ማንም አልነገረውም። ለአረፋ የሚታረድ በግ ምንም ያልጎደለው መሆን አለበት፤ ዓይኑም፣ እግሩም፣ ጆሮውም። እኔም የደገኛ ልጅ ነኝ፤ ይኸን ያወቅሁት በአሥራ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ያስተማረኝም ውሻ ነው።

ያኔ ቤታችን ገንዳ ውሃ ወንዝ ዳር ነበር። አባቴ ከጎጃም ወርዶ ሰሊጥና ማሽላ የሚያርስ፣ ዘጠኝ አሥር በግ ከደጁ የማይጠፋ ሰው ነው። ከእኛ ቀጥሎ ዘይነብ የሚባሉ ባልቴት ይኖሩ ነበር። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ሐቦባ ይላቸዋል፤ በሱዳኖቹ አፍ አያት ማለት ነው። ባላቸው በሕይወት ሳሉ ደህና ሱቅ ነበራቸው፤ ባልየው ሲሞቱ ግን ሱቁ ቀስ በቀስ አንድ መደርደሪያ ስኳርና ሳሙና ሆኖ ቀረ። በእኛና በእሳቸው ግቢ መሀል ያለው የማሽላ አገዳ አጥር ነው፣ አጥር ከተባለ። የእኛ ቤት ምን ወጥ እንደተሠራ እሳቸው ያውቃሉ፣ እሳቸው ስንቴ እንዳስነጠሳቸው እኛ እናውቃለን።

ለውሻዬ ስም ያወጡለት እሳቸው ናቸው። ቡችላ ሳለ ታቅፌ ሳሳያቸው አልነኩትም፤ ውሻ ከላሳቸው ከሶላት በፊት ብዙ መታጠብ አለባቸው። ጎንበስ ብለው አዩትና «መልኩ ሰሊጥ ይመስላል፤ ሲምሲም በይው» አሉኝ። ሲምሲም በዐረብኛ ሰሊጥ ነው። ስሙ ሰፈሩን ሁሉ ደስ አሰኘ፣ እኔም ኮራሁበት።

ነገሩ የደረሰው በፍልሰታ ነው። ክረምቱ ብሶበታል፣ ዋልካው እግር ከያዘ አይለቅም፣ መኪና ከቆመ ሳምንት አልፎታል። ቤታችን ትልቅ ትንሹ ይጾማል። ሲምሲምም ሳይወድ በግዱ አብሮን ይጾማል፤ እናቴ «ከየት አምጥቼ ነው ቅባት ያለው ነገር የምሰጠው» እያለች ደረቅ እንጀራ ትወረውርለታለች። ጎድኑ መቆጠር ጀመረ። አባቴ ቀን ቀን እንዳልፈታው አስጠንቅቆኛል። እኔ ግን የሚያላዝነው ነገር አላስችል አለኝና አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ እንዳባራ፣ ፈታሁት። ትንሽ ተዘዋውሮ ይመለሳል ብዬ ነው።

በዚያው ሰዓት ሐቦባ ለበጋቸው የማሽላ ንፍሮ አቅርበውለት ኖሯል። ይኸን በግ ከግልገልነቱ ጀምሮ በእጃቸው እያጎረሱ ነው ያሳደጉት፤ ለአረፋ። ሲምሲም በአገዳው ሾልኮ ንፍሮው ላይ አፉን ሰደደ፣ በጉ በግንባሩ መታው፣ ሲምሲም ነከሰ። የሆድ ጠብ ነው፤ ሌላ ክፋት አልነበረበትም። ጩኸት ሰምቼ ስደርስ ግን የበጉ አንገት በደም ታጥቧል፣ ሐቦባ ሻሻቸውን ፈተው ጆሮውን ጨብጠው ጭቃው ላይ ተቀምጠዋል። ሲምሲም ጭራውን ሆዱ ሥር ወትፎ ከአጥሩ ተለጥፏል።

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ቁራጩን ፈልጊልኝ» ብቻ አሉኝ። ጭቃው ውስጥ ተንበርክኬ ፈለግሁ፤ የሚሰፋና የሚገጠም መስሎኝ ነው። አገኘሁትና በቀሚሴ ጠርጌ ሰጠኋቸው። መዳፋቸው ላይ አድርገው ከቀረው ጆሮ ጋር አስተያዩት። ከግማሽ ይበልጣል።

«ለአረፋ አይሆንም እንግዲህ» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው። አረፋ አምስት ቀን ቀርቶት ነበር።

አባቴ ከእርሻ ሲመለስ ሰማ። አልመታኝም። ውሻውን አንድ ጊዜ አየና «በዚህ ሳምንት ወደ ገለጉ የሚወርድ ሰው ካገኘሁ ሰጥቼ እሰደዋለሁ» አለ። በማግስቱ ማለዳ ለአዲስ ዓመት ያደለበውን፣ ከበጎቹ ሁሉ የሚኮራበትን አውራ እየጎተተ ወደ ሐቦባ ሄደ። እኔም ከኋላው።

«እትዬ ዘይነብ፣ በበግዎ ፈንታ ይኸን ይያዙልን። ጥፋቱ የእኛ ነው» አለ።

ሐቦባ አመሰገኑ፣ መረቁ። ከዚያ ጣታቸው በበጉ ጆሮ ላይ ሄደና ጫፉ ላይ ቆመ። አባቴ እንደ አገሩ ልማድ የበጎቹን ሁሉ ግራ ጆሮ ቆርጦ ነው ምልክት የሚያደርግ።

«ይቺን ነው?» አለ አባቴ። «ይቺማ ምልክቴ ናት።»

«ለአንተ ምልክት ናት ወንድሜ። ለዚህ ነገር ግን ጉድለት ናት። ለሰው ብሰጠው ግድ አልነበረኝም፤ የምሰጠው ለእሱ ነው» አሉና ወደ ላይ ጠቆሙ።

አባቴ ገመዱን እንደያዘ ቁሞ ቀረ። ውሻችን አንድ በግ ላይ ያደረገውን እሱ በገዛ እጁ ዘጠኝ በጎች ላይ አድርጎት ኖሯል። ሌላ እንዳይፈልግ መንገዱ በጭቃ ተዘግቶ ገበያው በግ የለውም።

ዘጠኝ አልሁ እንጂ በጎቹ አሥር ነበሩ። አሥረኛው ቦራ ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ የኔ። ግልገል ሳለ፣ አባቴ ቢላውን ስሎ ግልገሎቹን ሲሰበስብ፣ ቦራን በቀሚሴ ሸሽጌ ከጎታው ኋላ ገባሁና ድምፅ እንዳያሰማ አፉን ይዤ ተቀመጥሁ። ደሙን ማየት አልቻልሁም ነበር። አባቴ እያወቀ እንዳላወቀ ሆኖ አለፈኝ። አሁን ያ ግልገል ዓመት አልፎት ደልቧል፣ ሁለቱም ጆሮዎቹ ሙሉ ናቸው። አባቴ ዞሮ አላየኝም። እናቴም ስለ ቦራ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ሁለቱም እንደሚያስቡት ግን አውቃለሁ፤ የእኛ ቤት ሰው የሚያስበውን የማይናገረው ሲከብደው ነው።

ሄጄ ሲምሲም ላይ ተወጣሁት። «አንተ ሆዳም፣ ቦራን ልታሳርድብኝ ነው» አልሁት። ጭራውን ቆላልኝ። ይኸ ደግሞ ይባስ አናደደኝ።

ሁለት ቀን ሐሳባቸው እንዳልገባኝ ሆንሁ። ጠዋት ጠዋት ሐቦባ ቤት እየሄድሁ የበጉን ቁስል የኒም ቅጠል በተቀቀለበት ውሃ አጥባለሁ፣ ከዚያ ዝንብ እንዳይደፍረው የሰሊጥ ዘይት እቀባዋለሁ። እሳቸው ራሱን ይይዛሉ፣ በዚያ በለሰለሰ ድምፃቸው እያባበሉ። ስለ ቦራ ያውቃሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አንድም ጊዜ አላነሱብኝም።

በሁለተኛው ቀን ጥጥ ላመጣ ጓዳቸው ስገባ መደርደሪያ ላይ የተደረደሩ ሰሀኖች አየሁ። ሰባት ናቸው፤ አንዱ ከአንዱ አይገጥምም። አበባ ያለበት አለ፣ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ አለ፣ የተላላጠም አለ።

«የማን ናቸው ሐቦባ?»

«የሰው ናቸው፣ ልጄ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ባለፉት ሦስት አረፋዎች ሥጋ የላኩልኝ ሰዎች ሰሀን ነው። የሰው ሰሀን ባዶውን መመለስ ደግሞ ነውር ነው፤ የምሞላበት አልነበረኝም። ዘንድሮ እመልሳለሁ ብዬ ነበር።»

ምሬት የለበትም አነጋገራቸው። ስኳር አለቀ እንደሚሉት ነው ያሉኝ። እኔ ግን ሰሀኖቹ ላይ ቅንጣት አቧራ እንዳልነበረ አየሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ እያጠቡ መልሰው ሲደረድሯቸው ኖረዋል።

ቤት ተመልሼ ቦራን ፈታሁ። እናቴ አየችኝና የነጠላዋን ጫፍ ወደ አፏ ወሰደች፤ አልከለከለችኝም። ከሐቦባ በር ፊት ካለው የኒም ዛፍ ጋር አሰርሁትና «ይዩት፣ ጆሮው ሙሉ ነው» ብዬ ዞር ብዬ ሳላይ ሮጥሁ። ጣታቸው በጆሮው ላይ ሲሄድ ማየት አልፈለግሁም። ከጎታው ኋላ፣ እዚያው እሱን በደበቅሁበት ቦታ ተወትፌ አለቀስሁ።

ሐቦባ እዚያ ድረስ መጥተው አገኙኝ። መሬቱ ላይ ከጎኔ ተቀመጡ፤ ጉልበታቸውን እያመማቸው።

«ያኔ ስትደብቂው ለማን እንደደበቅሽው አላወቅሽም» አሉኝ። «ለእኔ ነበር።»

እጃቸውን ራሴ ላይ አደረጉ። የኒምና የሰሊጥ ሽታ ነበረው።

አባቴን አስጠርተው ጆሮ ቆራጣው በግ በቦራ ፈንታ የኔ እንዲሆን ተናገሩ። ውሻውም እንዳይሰደድ። «ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ እኔ ያወጣሁትን ስም ይዞ የሰው አገር ይንከራተት?» አሉ። «ደግሞስ እሱ እስላም አይደል፣ ክርስቲያን አይደል፤ ለምን ታስጾሙታላችሁ?» በዚያ ሳምንት አባቴ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ሐቦባ በረጅም ጭልፋ የማሽላ ንፍሮ እየጨለፉ አጥሩ ሥር ያፈሱለት ነበር፣ ሳይነኩት ሳይነካቸው።

የአረፋ ዕለት ሰባቱም ሰሀኖች ሞልተው ሲወጡ በአገዳው ቀዳዳ ቆጠርኋቸው። ሐቦባ አዲስ ልብስ ለብሰው በር ላይ ቁመው ተሸካሚዎቹን ያዝዙ ነበር፤ እንደዚያ ቀና ብለው አይቻቸው አላውቅም። ለእኛ ሥጋ አይላክም፣ ሥጋችን የየራሳችን ነው። በራሳቸው ሰሀን ተምር ላኩልን፤ ተምር ጾም አያስገድፍም። ለቦራ እያለቀስሁ በላሁት፤ ጣፈጠኝ፤ በመጣፈጡም ራሴን ታዘብሁ።

ጆሮ ቆራጣውን በግ አባቴ ለአዲስ ዓመት አላረደውም። «ይኸስ ቀኑ አለፈው» አለና ሌላ ጎተተ። በጉ ብዙ ዓመት ኖረ። ማታ ማታ ሲምሲም በቀደደው የአጥር ቀዳዳ ወደ ሐቦባ ይሻገራል፣ ሲምሲም ደግሞ እስከ አጥሩ ይሸኘዋል። ትዳር ይዤ ሸሕዲ ከገባሁ በኋላ የሐቦባ ዓይን ጠፋ። ልጠይቃቸው ስሄድ ኒሙ ሥር ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ፤ በግ ሲጠጋቸው ጆሮውን ይዳብሳሉ። የቢላ ምልክት ካገኙ «የአባትሽ ነው፣ መልሺልኝ» ይላሉ። ግማሽ ጆሮ ያገኙ እንደሆነ ግን እጃቸውን አያነሱም።

«ይኸ የኔ ነው» ይሉኝ ነበር። «አባትሽ የራሱን በቢላ ለየ፤ የኔን ውሻሽ ለየልኝ።»

ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ውሻዬ የጎዳው በጉን ብቻ መስሎኝ ነበር፤ እነዚያን ሰሀኖች ባላይ ኖሮ እስከ ዛሬም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ካየኋቸው ወዲህ የበጎቼን ጆሮ በቢላ ነክቼ አላውቅም። በጎቹ እንዴት እንደማይጠፉብኝ ጎረቤቶቼን ይገርማቸዋል፤ አንዳንዴም ይጠፉብኛል።

ሸሕዲ ገበያ ላይ ጀለቢያ የለበሱት ሽማግሌ ከጎልማሳው ወደ እኔ ዞሩ። የታናሹን በጌን ሁለት ጆሮዎች በየተራ ዳበሱ፣ ደገሙት።

«ሙሉ ነው» አሉ። «ምልክት የለውም እንዴ? ቢጠፋብሽ በምን ታውቂዋለሽ?»

«ለእርስዎ ብዬ ነው የተውሁት» አልኋቸው።

የቀለድሁ መስሏቸው ሳቁ። ተስማማንና እየሳቡት ሄዱ። ቦራን የሰጠሁ ለታ ዞሬ አላየሁም ነበር። ይኸኛውን ግን ሠራተኛው መሀል ገብቶ ሁለቱ ጆሮዎቹ እስኪሰወሩ ድረስ ቁሜ አየሁት።

«እትዬ፣ ሸጠው ደግሞ ያለቅሳሉ?» አለኝ ጎልማሳው።

«ለሌላ በግ ነው» አልሁት።